የሶላር ውል ከመፈረማችሁ በፊት

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ለምንኖርበት ቤት ጣሪያ 15 ፓኔል፣ አንድ ኢንቨርተር (የፓኔሉን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠው) እና አንድ ባትሪ ያለበት የዋጋ ማቅረቢያ ደርሶናል። ከመፈረማችን በፊት ምን እንጠይቅ? መብራት ሲጠፋስ ይሠራልናል?

መልስ

እህቴ፣ ፓኔሉን ለጊዜው ተዪውና የመብራት ቢሉን አውጪ። የ12 ወሩን ፍጆታ በኪሎዋት ሰዓት ደምሪው። የአንዱን ወር በ12 ማባዛት አያዋጣም፤ ማሞቂያ የሚበራበትና የማይበራበት ወር አይገናኙም። አንድ ኪሎዋት ፓኔል በሰሜን አውሮፓ በዓመት 900 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል፤ ፀሐይ በማይጎድልበት አገር 1,500ም ያልፋል። ፍጆታችሁ 4,500፣ የአካባቢያችሁ ምርት ደግሞ 1,000 ቢሆን የሚያስፈልጋችሁ 4.5 ኪሎዋት ነው፤ ባለ 430 ዋት ፓኔል ከሆነ 11። የቀሩት አራቱ ለምን እንደገቡ ሻጩ ያስረዳ። የኤሌክትሪክ መኪና ልትገዙ ከሆነ በቂ ምክንያት ነው። ሻጩ "ጣሪያው ስለሚይዝ" ካላችሁ ግን መጀመሪያ ትርፉን መብራት ኃይሉ በስንት እንደሚገዛችሁ እወቁ።

ጥላውን በዓይናችሁ እዩት። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት ወር፣ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ የጭስ ማውጫው ጥላ የት እንደሚያርፍ ፎቶ አንሱ። በፓኔል ውስጥ ያሉት ሴሎች በአብዛኛው በሦስት ክፍል የተያያዙ ናቸው፤ ስለዚህ የክንድ ያህል ጥላ የፓኔሉን ሲሶ ምርት ሊያጠፋ ይችላል።

አሁን ወደ 15ቱ ልመለስ፤ እኔን ያሳሰበኝ እሱ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ በ25 ዲግሪ 38 ቮልት የተጻፈለት ፓኔል፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ቅዝቃዜ 0.27 በመቶ የሚጨምር ቢሆን፣ ከዜሮ በታች 15 ላይ 42.1 ቮልት ይደርሳል። 15ቱ በአንድ መስመር በተከታታይ ከታሰሩ 631 ቮልት ሆነ ማለት ነው። ኢንቨርተሩ የሚችለው ከፍተኛ ቮልቴጅ 600 ከሆነ በአንድ ብርዳማ ጠዋት፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ሊቃጠል ይችላል። ዋስትናውም አብዛኛውን ጊዜ ይህን አይሸፍንም። 14 ቢሆኑ 590 አካባቢ ነው፤ ያልፋል፣ ግን ለጥቂት ነው። ስምንትና ሰባት አድርጎ በሁለት መስመር መክፈል ይሻላል፤ ያኔ ደግሞ ሰባቱ ኢንቨርተሩ ለመነሳት የሚፈልገውን ዝቅተኛ ቮልቴጅ መድረሳቸው ይታይ። ይህን ስሌት በአካባቢያችሁ በተመዘገበው ዝቅተኛ ሙቀት ሠርቶ በጽሑፍ የማይሰጥ ሠራተኛ ጣሪያችሁ ላይ ባይወጣ ይመረጣል።

ሌላ መልስ

ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ ስለ ጣሪያው ልጨምር። ፓኔሎቹን የሚሸከመው መንጠቆ መታሰር ያለበት ወራጁ ላይ ነው፤ ሳንቃው ላይ ብቻ ከተመታ ንፋስ ይነቅለዋል። ክዳኑ ሸክላ ከሆነ፣ ከመንጠቆው በላይ የሚያርፈው ሸክላ ከሥሩ በግራይንደር ትንሽ መሞረድ አለበት። ካልተሞረደ ብድግ ብሎ ይቀራል፣ በረዶ ሲጫነው ይሰነጠቃል፣ ውኃው ኮርኒሱ ላይ የሚታየው ግን ከወራት በኋላ ነው። ጣሪያው ራሱ በ10 ዓመት ውስጥ የሚቀየር ከሆነ አስቀድማችሁ ቀይሩት፤ ፓኔል 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ ማውረድና መልሶ መስቀል ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

የኬብል ማያያዣዎቹ (ኤምሲ ፎር የሚባሉት) ወንዱም ሴቱም ከአንድ ፋብሪካ ይሁኑ። የተለያየ ፋብሪካ ቢገጥምም ውስጡ በደንብ አይነካካም፤ ይግላል፣ ይቀልጣል። ከፓኔሉ የሚመጣው ዲሲ፣ እንደ ቤቱ መብራት (ኤሲ) በየሴኮንዱ ደጋግሞ ዜሮ ላይ ስለማያልፍ አንዴ የተነሳ ብልጭታ በራሱ አይጠፋም። ስለዚህ ፀሐይ እያለ ማያያዣውን ማንም አይንቀል፤ መጀመሪያ የኤሲው ብሬከር፣ ቀጥሎ የዲሲው ማጥፊያ።

መብራት ሲጠፋ ላልሽው፦ መደበኛው ኢንቨርተር አብሮ ይጠፋል። መስመር የሚጠግኑ ሰዎችን እንዳይገድል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ባትሪ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ ቤቱን ከመስመሩ የሚለይ ማብሪያ ማጥፊያና የመጠባበቂያ መውጫ ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ፍሪጁና ማሞቂያው የሚገቡበት መስመርም በስም ይጠቀስ። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከዜሮ በታች መሞላት አይወድም፣ ማሞቂያ የሌለው ጋራዥ ውስጥ አታስቀምጡት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልን። የጎረቤታችን ኢንቨርተር ደግሞ ዝናብ ባደረ ቁጥር ጠዋት የኢሶሌሽን (የሽፋን መከላከያ) ስህተት እያለ ይቆማል፣ ረፋዱ ላይ በራሱ ይነሳል። ምን ይሆን?

መልስ

የዲሲ ኬብሉ የሆነ ቦታ ተልጦ ወይም ማያያዣው ውስጥ ውኃ ገብቶ ወደ አርዝ እያፈሰሰ ነው። ፀሐይ ሲያደርቀው ይጠፋል፣ ሰው ሲመጣ ምንም አይገኝም። ስለዚህ ሠራተኛው እርጥበቱ ሳይደርቅ ጠዋት ይምጣና እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ይለካ። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኬብሉ ሳይታሰር ክዳኑ ላይ የተጋደመበት ወይም በመንጠቆና በሸክላ መሃል የተቀረቀረበት ቦታ ነው። እናንተም ኬብሉ በፓኔል ሳይሸፈን በፊት አካሄዱን ፎቶ አስነሡ፣ የመስመሮቹን ንድፍና የፓኔሎቹን ተከታታይ ቁጥር ተቀበሉ። የመከታተያው አፕ አካውንትም በእናንተ ኢሜይል ይከፈት፤ በሠራተኛው ስም ከተከፈተና ድርጅቱ ከተዘጋ የገዛ ጣሪያችሁን ምርት ማየት አትችሉም።