ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ቁርጭምጭሚቴን ታድናለች

የዳማ እናት፦
ሰላም ለእናንተ። ዳማ የምትባል ሁለት ዓመት የሞላት ድመት አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ስለምንኖር ወደ ውጭ አትወጣም። እንዳትወልድም ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ቀኑን ሙሉ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ እሷ እንቅልፍ ላይ። ጎህ ሊቀድ ሲል ግን ቤቱ የሷ ነው፤ ከሶፋ ወደ መጋረጃ፣ ከመጋረጃ ወደ አልጋ። እግሬ ከብርድ ልብስ ከወጣ ጥፍሯን ትሰካበታለች። ቅርጫት ሙሉ መጫወቻ አላት፣ ዞር ብላ አታየውም። የምትወደው የሌዘር መብራቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ሳጠፋው ግድግዳው ላይ አፍጥጣ ትጮኻለች። ብቸኝነት ነው? ሌላ ድመት ላምጣላት?

ሁለት ጅራት፦
አምጪላት፣ ትገላገያለሽ። የኔዎቹ ሁለቱ ሲላፉ ነው የሚውሉት፤ እኔ ቤት መኖሬንም ረስተዋል።

አሮጌ ውሮ፦
እህቴ፣ ሁለተኛዋን ከማምጣትሽ በፊት ያለችውን እንያት። ድመት በቀን ከ12 እስከ 16 ሰዓት ብትተኛ ጤነኛ ናት፤ የቀን እንቅልፏ አያሳስብሽ። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ግን ተፈጥሮዋ ለአደን ይቀሰቅሳታል። በዚያ ሰዓት ቤትሽ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ያንቺ እግር ብቻ ነው። ምን ታድርግ?

ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ለሷ የሞተ ነገር ነው። የማይሸሽ ነገር አይታደንም። ዘንግ ጫፍ ላይ ላባ ወይም ቁራጭ ጨርቅ እሰሪና አንቺ አይጥ ሁኚ። ብዙ ሰው ላባውን አፍንጫዋ ላይ ያወዛውዝና «አትጫወትም» ይላል። የትኛው አይጥ ነው ወደ ድመት አፍ የሚሮጠው? ከሷ አርቂው። ከሶፋው ጀርባ ደብቂው፣ ጫፉ ብቻ ይታያት፣ ጸጥ ይበል፣ ከዚያ ሹልክ። አፍጥጣ ዝም ስትል ሰልችቷት አይምሰልሽ፤ ማድባቱ የአደኑ ግማሽ ነው። ዳሌዋን ወዝወዝ ካደረገች ልትዘል ነው። ትያዘው፣ ትንከሰው፣ በኋላ እግሮቿ ትርገጠው። በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃታል፤ ድመት ዘሎ ያዥ እንጂ ረጅም ሯጭ አይደለችም።

የሌዘሩ ጣጣ ይኸው ነው፦ ብርሃን አይያዝም። አሳዳ አሳዳ ባዶ እጇን ስትቀር ነው ግድግዳው ላይ የምትጮኸው። እኔ ብሆን እጥለው ነበር። ካልጣልሽው ግን መጨረሻ ላይ ነጥቡን የሚጨበጥ መጫወቻ ላይ አሳርፊውና እሱን ትያዝ። ዓይኗ ላይ በፍጹም አታብሪባት።

ድመት አድና ትበላለች፣ በልታ ራሷን ትልሳለች፣ ልሳ ትተኛለች። ስለዚህ የማታ ምግቧን ልትተኚ ስትይ፣ ከጨዋታው አስከትለሽ ስጫት። ጎህ ላይ ስትጮህ ተነስተሽ አትመግቢያት፤ አንዴ ከሰጠሻት በማግስቱ ቀደም ብላ ትቀሰቅስሻለች።

ቀን ብቻዋን ስትሆን ደግሞ ከደረቅ ምግቧ ላይ ቀንሰሽ ክዳን ባለው ካርቶን ውስጥ አድርጊው። እጇ የሚያስገባ ቀዳዳ ቅደጂለትና እየጎረጎረች ታውጣው። መጀመሪያ ቀዳዳው ሰፋ ይበል፣ አለዚያ ተስፋ ቆርጣ ትተወዋለች። መስኮት ዳርም ከፍ ያለ መቀመጫ ያስፈልጋታል። መስኮቱ ግን ጠንካራ ወንፊት ይኑረው። ድመት በእግሯ ታርፋለች ማለት ከፎቅ ወድቃ አትሰበርም ማለት አይደለም።

ሁለት ጅራት፦
የሌዘሩ ላይ እስማማለሁ። ሁለተኛዋን ድመት ግን ለምን ፈራሃት? የኔዎቹ ከአንድ እናት ባንድ ቀን የተወለዱ ናቸው፣ ተጣልተው አያውቁም።

አሮጌ ውሮ፦
እሱን መጀመሪያ ብትነግረን ምን ነበረበት! አብሮ ያደገና ባዕድ አንድ አይደሉም። ድመት ብቻዋን የምታድን እንስሳ ናት፤ ያደገች ድመት ቤት እንግዳ ማስገባት ግዛቷን መንካት ነው። የግድ ከሆነ አዲሷ ለብቻዋ ክፍል ትቆይ፣ መጀመሪያ የተኙበትን ጨርቅ እየለዋወጡ ይሽታተቱ። ሳህናቸው ይለያይ፣ የአሸዋ ሳጥኑም ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ይብለጥ። ለዳማ ግን መጀመሪያ ዘንጉን ሞክሪላት።

የዳማ እናት፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሶፋውስ? መቧጠጫ ምሰሶ ገዝቼ ጓዳ አስቀምጬላታለሁ፣ አልነካችውም። የክር ኳስ ብሠራላት ትተወው ይሆን? ድመትን ያሰክራል የሚሉት ካትኒፕ የሚባለውን ቅጠልስ?

አሮጌ ውሮ፦
ክሩን ተዪው። ድመት ክር መዋጥ ከጀመረች ምላሷ ሸካራ ስለሆነ መልሳ መትፋት ይከብዳታል። አንዱ ጫፍ ምላሷ ሥር ከተያዘ ሌላው አንጀቷን ሰብስቦ ይቆርጠዋል። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ክር ተንጠልጥሎ ካየሽ እንዳትስቢው፣ ወደ እንስሳት ሐኪም ሩጪ። ዘንጉንም ከጨዋታ በኋላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት።

ምሰሶውን ከጓዳ አውጪና የምትቧጥጠው ሶፋ አጠገብ አቁሚው። በመቧጠጥ ሽታዋን ትተዋለች፣ «የኔ ነው» ማለቷ ነው፤ ማንም በማይደርስበት ጓዳ ለማን ትጻፍ? ተንጠራርታ የምትደርስበትን ያህል ይርዘም፣ ስትስበው አይወዛወዝ፣ ቃጫ ገመድ ቢጠመጠምበት ይመረጣል።

ካትኒፑ ጉዳት የለውም፣ ግን በሱ መስከር በዘር የሚወረስ ነገር ስለሆነ ከሦስት ድመቶች አንዷን ገደማ ምንም አያደርጋትም። ምሰሶው ላይ ትንሽ በትኚበት፤ ካልተንከባለለች ሁለተኛ እንዳትገዢ።