የ12ኛ ክፍል ማጠናቀቂያ ፎቶ ለእህቴ፦ መቼ፣ የት፣ በምን ልብስ?

ጥያቄ — እህት ዓለም፣ ባሕር ዳር

ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ትምህርት ተቋርጦ ቤት የተቀመጠችበት ጊዜ ስለነበረ ለእኛ ቤተሰብ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከገጠር መጥታ ደብረ ማርቆስ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ ነው የተማረችው። ስንቋን የምትልከው እናታችን ናት።

እንደ ወጉ ጥሩ ፎቶ ላስነሳት ፈልጌያለሁ። ስልክ ውስጥ ተረስቶ የሚቀር ሳይሆን ታጥቦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል። ግራ የገባኝ ብዙ ነው። ፈተና ከመሄዷ በፊት ይሻላል ወይስ ውጤት ሲመጣ? ጓደኞቿ ገዋን እንከራይ ይላሉ፣ እናታችን የሐበሻ ቀሚስ ነው የምትለው። ቦታውንም አላወቅኩም። እናታችን ደግሞ ካሜራ ስታይ ድርቅ ትላለች፣ ግን ያለ እሷ ፎቶው ፎቶ አይሆንም። በእጄ ያለው 4,000 ብር ነው፤ ማሳጠቢያውም ፍሬሙም ከዚያው ላይ ነው የሚወጣው። የምታውቁትን ንገሩኝ።

መልስ — ፎቶ አንሺው፣ ደብረ ማርቆስ

እንኳን ደስ አላችሁ። ከጊዜው ልጀምር። ግንቦትን አታሳልፉት። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ አብዛኞቹ ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን የሚወስዱት ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነው። ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ይውላል። ሰኔ ከገባ በኋላ ልጆቹን ለፎቶ ብትጠሯቸው ሐሳባቸው ሁሉ ፈተናው ላይ ነው፤ ፊታቸው ላይም ያስታውቃል። ሲጨርሱ ደግሞ ሁሉም ወደየአገሩ ይበተናል። ጓደኛሞቹን አንድ ላይ የምታገኟቸው አሁን ነው።

ሰዓቱ ጠዋት ይሁን። ከ12:30 እስከ 2:30 ያለው ብርሃን ለስላሳ ነው። የእኛ አገር ግንቦት ጠዋት ብራ ሆኖ ከሰዓት ሊደምን፣ ሊዘንብም ይችላል። ለከሰዓት በኋላ ቀጠሮ ይዞ ዝናብ ያባረረው ደንበኛ ብዙ ነው።

ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ከሆነ የምትለብሰው፣ በቀትር ፀሐይ በፍጹም እንዳትነሳ። ካሜራ ሰፊ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ምስሉን ያጨልመዋል፤ ያኔ ፊቷ ይጠቁራል። ፊቱን ላብራ ሲባል ደግሞ ነጩ ይንቦገቦግና የጥበቡ ጥለት ይጠፋል። ጥላ ውስጥ ግን ሁለቱም ይተርፋሉ። ዛፍ ሥር የምትቆሙ ከሆነ ቅጠሉ መሃል ሾልኮ የሚገባ ፀሐይ ፊቷ ላይ ነጠብጣብ እንዳይሠራ እዩ። የቤት በረንዳ ብዙ ጊዜ ከዛፍ ይሻላል።

ከፎቶ ቤቱ ጋር ስትነጋገሪ ቀብድ ከመክፈልሽ በፊት እነዚህን ጠይቂ። ስንት ፎቶ ኤዲት ተደርጎ ይሰጠኛል? ያልተነካውን ኦሪጅናል ታስረክቡኛላችሁ? መቼ? ማሳጠቢያው ዋጋው ውስጥ ነው? መልሱን በቃል አትተዪው፣ ደረሰኙ ጀርባ ላይም ቢሆን ይጻፍልሽ። ሶፍት ኮፒውን በፍላሽ ተቀበዪ። በቴሌግራም ከሆነም «እንደ ፋይል ላኩልኝ» በዪ። እንደ ፎቶ ከተላከ ይጨመቅና በትልቁ ሲታጠብ ይደበዝዛል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። «ፊቷን አታንጡት» በዪ። አሁን አሁን ቆዳን አለስልሶ፣ መልክን አንጥቶ መስጠት ተለምዷል። እናት ፍሬሙን ይዛ «ይቺ ማናት?» ስትል ማየት ያሳዝናል። ብጉር ማጥፋት ይበቃል።

መልስ — የቢቸና እናት

የኔ ልጅ፣ ስለ እናትሽ ያልሽው ልቤን ነካው። እኔም ልጆቼን እንደዚሁ ስንቅ እየላክሁ ነው ያስተማርሁት።

እናትሽን በገበያ ቀን እንዳትጠሪያት። ሸክም ይዛ፣ መንገድ አድክሟት፣ ዓይኗ ወደ ገበያው እያየ ካሜራ ፊት አትቁም። ቅዳሜ ማታ ትግባ፣ ከልጇ ጋር ትደር። እሁድ ቅዳሴ አስቀድሳችሁ ስትወጡ ነጭ ለብሳለች፣ ፊቷም ፈክቷል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ዝግጅት አያሻትም። ሰዓቱ ትንሽ ስለሚረፍድ ጥላ ፈልጉ፣ ፎቶ አንሺው እንዳለሽ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።

«ቀጥ በዪ፣ ፈገግ በዪ» አትበሏት። ያኔ ነው ድርቅ የምትለው። እጇን ሥራ አስይዟት። የልጇን ነጠላ ታስተካክልላት፣ ሹሩባዋን ትዳስስላት። ልጅቱ ታውራት። ካሜራ የያዘው ልጅ ዝም ብሎ ያንሳ።

ሹሩባውን ደግሞ በዋዜማው አትሠሯት። አዲስ ሹሩባ ግንባር ይወጥራል፣ ዓይን ያጠባል። ሁለት ሦስት ቀን ሲያድር ነው የሚያምረው። ቅቤም ሆነ ቅባት ፊቷ ላይ እንዳይወርድ፣ ያብለጨልጫል።

ገዋኑን አልወደድሁትም። ውጤት ሳይመጣ ምን ይባላል? ለዲግሪዋ ትልበሰው።

መልስ — መምህር፣ ደጀን

ከእትዬ ጋር በገዋኑ ጉዳይ እስማማለሁ፤ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ፈተናውን ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ብዙ ጎበዝ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚገቡት ወደ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም ነው፤ ያልተሳካላቸውም ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፎቶው የውጤት ፎቶ መሆን የለበትም። 12ኛ ክፍል ድረስ መማር በራሱ ሊከበር የሚገባው ነው፣ በተለይ በእነዚህ ዓመታት። ውጤቱ እንደተጠበቀው ባይሆን እንኳ ልጅቱ ከግድግዳ ላይ የማታወርደው ፎቶ ይሁን። ገዋን የለበሰችበትን ግን ልታወርደው ትችላለች። አይቻለሁ።

እኔ የምለው ዩኒፎርሟን ትልበስ። ታጥቦና ተተኩሶ። የሸሚዙ ኮሌታ ቢያልቅም ይታይ። የሐበሻ ቀሚሱን ከእናቷ ጋር ትልበሰው። ሁለት ልብስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጠዋቱ በልብስ መቀየር ያልቃል።

ጓደኛሞቹ ሸሚዝ ላይ መፈራረም ከፈለጉ መጀመሪያ ፎቶውን ይነሱ፣ ቀጥሎ ይፈራረሙ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለመነሳት ዳይሬክተሩን ቀደም ብሎ ማናገር ነው። በሥራ ቀን ትምህርት ሳይጀመር ብትጠይቁ ብዙውን ጊዜ እሺ ይላሉ።

እህት ዓለም

እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ፣ የእሁዱን ሐሳብ ለእናታችን በስልክ ነግሬያት «ይሁን» ብላለች። ገዋኑን ትተነዋል። ቦታውስ? እህቴ ወደ ባሕር ዳር መጥታ ጣና ዳር መነሳት ያምራታል።

መልስ — የጣና ልጅ

ጣና ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ውሃ ዳር ፎቶ እንደሚታየው ቀላል አይደለም። ሰውየውን ውሃውን ከጀርባው አድርገህ ስታቆመው ውሃው ያንጸባርቅና ፊት ይጨልማል። ፀሐይዋን በጎን አድርጎ ማለዳ መቆም ያስፈልጋል። ቀን ላይ ሲሆን ነፋሱም ነጠላ አያስለብስም። ጭስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ውሃውም የሚሞላው ክረምት ላይ ነው። በግንቦት ቀጭን ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

መልስ — ፎቶ አንሺው፣ ደብረ ማርቆስ

እኔ ለፎቶ ብላችሁ አገር አትቋረጡ ነው የምለው። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል፣ ልጅቱ የጥናት ቀን ታጣለች፣ ብሩም ለትራንስፖርት ያልቃል። ማርቆስ ውስጥ ቦታ ሞልቷል። የታሪክ ቦታ ከወደዳችሁ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤተ መንግሥት አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። የባሕር ዛፍ ረድፍ ያለበት የእግር መንገድ ላይ በጠዋት ብርሃን የተነሱ ፎቶዎች ሁሌ ያምሩልኛል። ድልድይና ጥበቃ ያለበት ተቋም አጠገብ ግን ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጠይቁ። ጊዜው እንደሚታወቀው ነው፤ ሳይመሽ ቤታችሁ ግቡ።

መልስ — ወለላ፣ ፍኖተ ሰላም

እኔ አምና ነው የጨረስኩት፤ እንደ እህትሽ ቤት ተከራይቼ ነው የተማርኩት። ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ቆመን የተነሳነው ፎቶ አለኝ፣ ጥሩ ነው። ግን የተከራየንበትን ክፍል ማንም አላነሳልንም። አሁን ያ ክፍል ሌላ ሰው ገብቶበታል።

እህትሽን እዚያው ክፍሏ ውስጥ አንሷት። በጋዜጣ የተለበጠው ግድግዳ፣ ከካርቶን የተሠራው መደርደሪያ፣ የድርቆሹ ከረጢት ጥግ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ቢጫው ጄሪካን በሩ ሥር። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ደብተሯን ይዛ። ቤቱን አታሳምሩት፤ መሬቱን ጠርጎ መተው ይበቃል። እናትሽም እሁድ እዚያው ስላለች፣ የመጣችበትን አገልግል ስትፈታ አንሷቸው። እኔ ብሆን ከሁሉም ይልቅ የምመርጠው ያንን ነበር።

መልስ — ፎቶ አንሺው፣ ደብረ ማርቆስ

ወለላ ትክክል ናት። ለዚህ ደግሞ ፎቶ ቤት መክፈል የለብሽም፣ አንቺው በስልክሽ አንሺው። አምፖሉን አጥፊ። በሩን ወይም መስኮቱን ክፈቺና እህትሽ ፊቷን በጎን ወደ ብርሃኑ ታዙር። በወዲያ በኩል ፊቷ ከጠቆረ አንድ ሰው ነጭ አንሶላ ዘርግቶ ይያዝላት፣ ብርሃኑን ይመልስላታል። ስልኩን ፊቷ ላይ አታስጠጊ፣ አፍንጫ ያገዝፋል። ወደ ኋላ ራቅ ብለሽ በዙም ሁለት እጥፍ አቅርቢው። ስክሪኑ ላይ ፊቷን ንኪና ከዚያ አንሺ። ማንሳት ከመጀመርሽ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጊው፤ ብዙ የደበዘዘ የስልክ ፎቶ ምክንያቱ የጣት ቅባት ነው።

እህት ዓለም

እንግዲህ እንዲህ አድርገነዋል። ዓርብ ጠዋት ከትምህርት በፊት ዩኒፎርም ለብሰው ከጓደኞቿ ጋር በፎቶ አንሺ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከእናታችን ጋር፣ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ በረንዳ ጥላ ላይ። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ በእኔ ስልክ። የቀረኝ ሁለት ጥያቄ ነው። ዝናብ ቢመጣስ? ማሳጠቢያውንስ በምን መጠን ላድርገው?

መልስ — የቢቸና እናት

ዝናብ ቢመጣ እናትሽ ስላለች ቤት ውስጥ ቡና ይፈላል። እሱንም አንሺው። ወይኔ ልጄ፣ እንዴት ደስ እንዳለኝ።

መልስ — ፎቶ አንሺው፣ ደብረ ማርቆስ

ዓርብ ከዘነበ ወደ ሰኞ ጠዋት አዛውሪው፤ ቀብድ ስትከፍዪ ይህንንም ከፎቶ ቤቱ ጋር ተስማሚ። ትክክለኛ ፎቶ ቤት ለዝናብ ተጨማሪ አይጠይቅም።

ማሳጠቢያውን አታብዢው። ለእናትሽ ቤት አንድ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ እናትና ልጅ ያሉበት። ለዘመድና ለጓደኛ 10 በ15 ይበቃል። የገጠር ቤት ጭስ ስላለው ፍሬሙ መስታወት ያለው ይሁን፤ ከምድጃው ራቅ ያለ፣ ከበሩ ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ምረጡ። ፀሐይ የሚመታው ፎቶ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል።

ዓርብ ዕለት ፎቶ ቤት ከገባችሁ አይቀር ጉርድ ፎቶም ትነሳ። ነጭ ጀርባ፣ ግንባርና ጆሮ ያልተሸፈነ፣ ስምንት ወይም አስር ኮፒ። ዩኒቨርሲቲ ስትመዘገብ ይጠየቃል፣ ያኔ ወረፋ ነው። የሁሉንም ፎቶ ፋይል ፍላሽ ላይ ብቻ አትተዪው፤ ለራስሽ በቴሌግራም እንደ ፋይል ላኪና አስቀምጪው።