«በቁሜ ወረሱኝ» ሲባል «ወረሰ» ምን ማለት ነው?

የጠባሴ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ከደብረ ብርሃን ነኝ። አያቴ ጠባሴ ሁለት ቤት ነበራቸው። በአንዱ ይኖራሉ፣ ሌላውን ያከራዩ ነበር። የሚከራየው በ1967 ተወረሰ። እስከ ዛሬ ነገሩ ሲነሳ «በቁሜ ወረሱኝ» ይላሉ። ባለፈው እሑድ ልጄ ይህን ሰምታ «እማዬ፣ የሚወረሰው ሰው ሲሞት አይደል? እሳቸው እኮ አልሞቱም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነትም አጎቴ ሲያርፍ ልጆቹ ፍርድ ቤት ሄደው ያወጡት ወረቀት የወራሽነት ማረጋገጫ ነው የሚባለው። ያገኘም ወረሰ፣ የተነጠቀም ተወረሰ። እንዴት አንድ ቃል ሁለቱንም ይሆናል?

መንዜው፦
እህቴ፣ እኛ ገብስ ሳይታረም ሲቀር «ማሳውን አረም ወረሰው» እንላለን። ሰው የተለየውን ቤት ደግሞ ሸረሪት ይወርሰዋል። አረም ከማን ተናዞለት ነው? ለእኔ ወረሰ ማለት የባለቤቱን ቦታ ያዘ ማለት ነው። ባለቤቱ ሞቶም ይሁን ቆሞ እያየ። የአያትሽ «በቁሜ» የምትለዋ ቃል ናት ነገሩን ሁሉ የያዘችው። ወራሽ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነዋ።

ከሸዋ ሮቢት፦
የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ቃላቱን ሰው ሲያደባልቃቸው በየቀኑ እሰማለሁ። ለመንገድ ተብሎ ቤቱ የተነሳበት ሰው «ተወረስኩ» ይላል። እሱ ማስለቀቅ ነው፣ ካሳ አለው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ካሳው ተመጣጣኝ መሆን አለበት፣ የሚከፈለውም በቅድሚያ ነው። ዕግድ ደግሞ ንብረቱ እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ማቆም ነው እንጂ ባለቤትነቱን አይወስድም። ባንክ በዕዳ ቤት ሲያሸጥ ሐራጅ ነው፣ ከዕዳው የተረፈው ገንዘብ ለባለቤቱ ይመለሳል። ውርስ የሚባለው በጥፋት ምክንያት ለመንግሥት ሲገባ ነው፣ ለምሳሌ ኮንትሮባንድ።
የአያትሽ ግን ከሁሉም ይለያል። እሳቸው ምንም አላጠፉም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ብቻ ተተወለት። ከተወሰዱት ውስጥ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ ሄዱ። «ተወረሰ» ያለው ሕዝቡ ነው፣ ቃሉም ያኔ የደረሰበትን በትክክል ይናገራል ባይ ነኝ።

የአብነት ተማሪ፦
ቃሉ ከግእዝ ጀምሮ እንዲህ ነው። እስራኤል ከነዓንን ወረሱ ሲባል ነዋሪዎቹ ሞተው ተናዘውላቸው አይደለም። በዕብራይስጥም «ያራሽ» የሚለው ግሥ መውረስም ነው፣ ባለቤቱን አስወጥቶ መያዝም ነው። ለልጅሽ ቀላሉ መለያ «ከ» ናት። ቤት ከአባቱ ወረሰ ካልሽ ተሰጠው። የአባቱን ቤት መንግሥት ወረሰው ካልሽ ተወሰደ። «ቤቱ ተወረሰ» ብለሽ ዝም ካልሽ ግን ማንም ሰው የሚሰማው መወሰዱን ነው።

የጠባሴ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ማታ ለልጄ አነበብኩላት። ከዚያ አያቴን «ለምን ነጠቁኝ አይሉም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «የነጠቀ ይሮጣል ልጄ። እነሱ ግን ተከራዬን አስጠርተው፣ እኔው ፊት፣ ከዛሬ ጀምሮ ለቀበሌ ትከፍላለህ አሉት» አሉኝ። ሰውየው ያን ቀን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም ነበር። ቤቱን እስኪለቅ ድረስ ግን ለፋሲካ አንድም ዓመት ሳይጠይቃቸው አልቀረም።