ቲሸርት እቤት አስሮ ማቅለም፦ ቀለሙ ለምን ይለቃል?

የከዚራዋ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ ሲሆን ለልጆቼና ለእህቶቼ ልጆች ነጫጭ ቲሸርቶችን በላስቲክ እያሰርኩ እቤት ማቅለም ጀምሬያለሁ። በትንንሽ ፓኬት የሚሸጠውን የልብስ ቀለም በሙቅ ውሃ በጥብጬ፣ ጨውና አቼቶ ጨምሬ፣ ልብሱን ነክሬ ወዲያው ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። ሲደርቅ ያምራል፤ ጥቂት ከታጠበ በኋላ ግን ቀዩ ሮዝ ይሆናል፣ አብሮት የተዘፈዘፈውንም ልብስ ያበላሻል። አንዳንዶቹ ቲሸርቶች ደግሞ ቀለሙን ጨርሶ አልቀበል ይላሉ፤ በሌሎቹም ላይ ጨርቁ ሰማያዊ ሆኖ የአንገቱና የእጅጌው ስፌት ነጭ እንደሆነ ይቀራል። አቼቶውን ልጨምር ወይስ ቀለሙን? በላዩ ላይ በብሩሽ አበባ መሳል ብፈልግስ የትኛው ቀለም ይሻላል?

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
እህቴ፣ አቼቶውን ለሰላጣ ያቆዩት። አሲድ የሚጠቅመው ለሱፍ፣ ለሐርና ለናይለን በተዘጋጁ ቀለሞች ላይ ነው፤ ጥጥ የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሙቅ ውሃና ጨው የሚጠይቀው የፓኬት ቀለም ብዙውን ጊዜ ከጥጥ ክር ጋር የሚያያዘው በደካማ ትስስር በመሆኑ በየእጥበቱ ይለቃል። ለአስሮ ማቅለም የሚመረጠው ሪአክቲቭ የሚባለው ቀለም ግን ከክሩ ጋር በኬሚካል ተጣምሮ የጨርቁ አካል ይሆናል፤ ለዚህም ፒኤቹን (ውሃው አሲድ ወይም የአሲድ ተቃራኒ መሆኑን የሚለካውን ቁጥር) ወደ 11 ገደማ የሚያደርስ ሶዳ አሽ፣ ማለትም ሶዲየም ካርቦኔት፣ ያስፈልገዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ልብሱን በመጀመሪያ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥበው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ማለስለሻ ያስለቅቁ። ከዚያም በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ያህል ሶዳ አሽ ሟሙቶ ባለበት ሳፋ ውስጥ 20 ደቂቃ ገደማ ዘፍዝፈው ይጭመቁት፤ እርጥብ እንዳለ በላስቲክ አስረው በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠውን ቀለም በየክፍሉ ያፍስሱበት። ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ግን ከአቼቶው የባሰ ችግር ነው። ቀለሙ ከጥጡ ጋር የሚጣመረው ጨርቁ እርጥብ እስካለ ድረስ ብቻ ነውና፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ቲሸርት ሥራው ሳያልቅ ይደርቃል። በፌስታል ጠቅልለው ጥላ ውስጥ እስከ ማግስቱ ካቆዩት የከተማችሁ ሙቀት ይረዳዎታል፤ እኛ ሐረሮች በብርድ ወራት ረዘም ላለ ጊዜ እንድንጠብቅ እንገደዳለን። በማግስቱ በቀዝቃዛ ውሃ ሶዳውን ካስለቀቁ በኋላ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው በጣም በሞቀ ውሃና በሳሙና ይጠቡት።

ቀለም አልቀበል ያሉት ፖሊስተር ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ነጭ ሆኖ የቀረው ስፌትም በፖሊስተር ክር የተሰፋ ነው። በአንገቱ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ሳያምኑ ከውስጥ ጠርዝ ጥቂት ክር መዘው ያቃጥሉ። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድም ይተዋል፤ ፖሊስተር ከሆነ ግን ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል።

የመኪና ግርግሩ ልብስ ሰፊ (ሐረር)፦
መምህር ስለ ክሩ ያሉት ትክክል ነው። ሊቀለም የታሰበ ልብስ የሚያሰፋ ሰው አስቀድሞ ቢነግረን በጥጥ ክር እንሰፋለታለን፤ በእኔ ዓይን ግን በሰማያዊ ላይ የሚታየው ነጭ ስፌት ልብሱን ያሳምረዋል እንጂ አያበላሸውም።

ሥዕሉን በተመለከተ፣ አክሪሊክ የሚባለው የሥዕል ቀለም ለብቻው ሲደርቅ እንደ ካርቶን ይደርቃል፣ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ለጨርቅ የሚሆን ማለስለሻ ይደባለቅበት፣ ወይም ከጅምሩ የጨርቅ ቀለም ይገዛ። መሳል ያለበት ልብሱ ተቀልሞ፣ ታጥቦና ደርቆ ካበቃ በኋላ ነው። ቀለሙ ወደ ጀርባ እንዳያልፍ በቲሸርቱ ውስጥ ካርቶን ያስገቡ፣ በስሱም ይቀቡ። ሲደርቅ ልብሱን ገልብጠው፣ ስስ ጨርቅ ጣል አድርገው ያለ እንፋሎት በካውያ ይተኩሱት። ዥንጉርጉር ቀለም ላይ አበባ መሳል ግን ዓይን ያደክማል፤ መሳል የሚፈልጉበትን የደረት ክፍል ከመቅለምዎ በፊት በፌስታል ሸፍነው አጥብቀው ቢያስሩት ነጭ ቦታ ይቀርልዎታል።

የከዚራዋ፦
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሶዳ አሽ ባጣስ? ደግሞም ጥቋቁር ቲሸርቶችን አስሬ በበረኪና ላነጣ አስቤ ነበር፤ በረኪናውን በአቼቶ ማስቆም ይቻላል?

የኬሚስትሪ መምህር (ሐረር)፦
በፍጹም! በረኪናና አቼቶ ሲገናኙ ሳንባን የሚጎዳ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ በአንድ ሳፋ ውስጥ ቀርቶ አንዱ በሌላው ላይ እንዲፈስ እንኳ አይፍቀዱ። በረኪናውን በውሃ አቅጥነው፣ ጓንት አድርገው፣ ደጅ ላይ ይሥሩ። ጥቁሩ ወደ ብርቱካንማ ወይም ቡናማ እንደተለወጠ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥበው፣ ከፋርማሲ የሚገኝ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ በውሃ በጥብጠው ይዘፍዝፉበት፤ ይህ የቀረውን በረኪና ያከሽፈዋል። ሊክራ ያለበት ልብስ በበረኪና መለጠጡን ያጣል።

ሶዳ አሽ ከጠፋ ከቤኪንግ ሶዳ ማግኘት ይቻላል። በብረት ትሪ ላይ ዘርግተው ከ200 ዲግሪ ባለፈ ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆዩት ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወጥተው ሶዲየም ካርቦኔት ይቀራል። 100 ግራም ሲያስገቡ 63 ግራም ገደማ ከወጣ ተጠናቋል ማለት ነው፤ ክብደቱ ከዚህ በላይ ከሆነ ግን ገና ነውና ይመልሱት። ይህ ዱቄት ቆዳን ስለሚቆጠቁጥ ለእንጀራም ሆነ ለዳቦ በሚውል ዕቃ አይነካ።

እናት ከሳቢያን፦
ከመምህር ቃል ላይ የድሬን ውሃ ልጨምር። ማንቆርቆሪያችን ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር ከሶዳው ጋር ሲገናኝ ውሃውን ያደፈርሰዋል፣ ቀለሙንም ያደበዝዘዋል። እኔ ውሃውን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ዝቃጩን ትቼ ከላይ ያለውን ብቻ እጠቀማለሁ። የቀለሙን ዱቄት ስትበጠብጪ ደግሞ አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ፣ ማራገቢያውንም አጥፊ፤ ዱቄቱ በተደጋጋሚ ሲተነፈስ እንደ አስም ያለ ሕመም ያስከትላል። የተረፈሽን ብጥብጥ ሶዳ ካልነካው ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀናት ማቆየት ትችያለሽ፤ ሶዳ የገባበት ግን ቀለሙ ከውሃው ጋር ተጣምሮ ኃይሉን ስለሚጨርስ በዚያው ዕለት ካልተጠቀምሽበት ድፊው።