የኤስፒአር ዲፓችን ከ0.38 በታች አይወርድም፤ ማር ላይስ ይሠራል?

ጣና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ባህር ዳር ላይ ኤስፒአርን (ሰርፌስ ፕላዝሞን ሬዞናንስን፦ ብርሃን በአንድ ማዕዘን ላይ የቀጭን ወርቅ ኤሌክትሮኖችን በጋራ ሲያወዛውዝ የሚንጸባረቀው ብርሃን የሚቀንስበትን ክስተት) ለመለካት የክሬችማን አሠራር፣ ማለትም ብርሃን በፕሪዝም በኩል ወርቁን ከጀርባው የሚመታበትን፣ ገጥመናል፦ ባለ 45 ዲግሪ ቢኬ7 (የመስታወት ዓይነት) ፕሪዝም፣ 632.8 ናኖሜትር ሂሊየም-ኒዮን ሌዘር፣ 3 ናኖሜትር ክሮሚየም ላይ 50 ናኖሜትር ወርቅ የተቀባ ስላይድ፣ በፕሪዝሙና በስላይዱ መካከል የማይክሮስኮፕ ዘይት። አየር ላይ ዲፑ (የተንጸባረቀው ብርሃን የሚወርድበት ጉድጓድ) በሚጠበቅበት ቦታ፣ በውስጥ ማዕዘን (ብርሃኑ ፕሪዝሙ ውስጥ ሆኖ ወርቁን በሚመታበት ማዕዘን) 44 ዲግሪ አካባቢ አለ፤ ነገር ግን ከገባው ብርሃን 0.38 በታች አይወርድም። ውሃ ስናደርግበት ደግሞ የፕሪዝሙን ማዞሪያ እስከ 40 ዲግሪ ብንወስደውም መጨረሻው ላይ ትንሽ ማዘንበል እንጂ ዲፕ የለም። ዓላማችን የጎጃም ማር ስኳር ተቀላቅሎበት እንደሆነ መለየት ነው። ማሩን እንዳለ ወርቁ ላይ ብናፈሰውስ?

ጮቄ
ወርቁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ፖላራይዘሩን እዩ። ፕላዝሞንን (የወርቁን የኤሌክትሮን ሞገድ) የሚቀሰቅሰው ፒ-ፖላራይዝድ ብርሃን፣ ማለትም ጨረሩ በሚገባበትና በሚንጸባረቅበት ጠለል ውስጥ የሚወዛወዘው፣ ብቻ ነው፤ ለዚያ ጠለል ቀጥ ብሎ የሚወዛወዘው የኤስ ድርሻ ምንም ሳይነካው ተንጸባርቆ ዲቴክተሩ ላይ ይወድቃል። ፖላራይዘሩ ከትክክለኛው አቅጣጫ ከዞረ የዲፑ ወለል የዚያ ማዕዘን ሳይን ስኩዌር ያህል ከፍ ይላል። የእናንተ 0.38 ወደ 38 ዲግሪ መዛባት ነው። ጭራሽ ፖላራይዘር ባይኖርና ሌዘሩም ፖላራይዝድ ባይሆን ወለሉ 0.5 ገደማ በሆነ ነበር።

የፖላራይዘሩ ቀለበት ላይ የተጻፈውን ዜሮ አትመኑ። ዲፑ ላይ ቆማችሁ ንባቡ ዝቅተኛ እስኪሆን አዙሩት፤ ያ ነው ፒ። ከዚያ 90 ዲግሪ አዙራችሁ እንደገና ቃኙ። በኤስ መስመሩ ያለ ዲፕ ካለፈ ጨርሳችኋል።

ከዚህም በኋላ ወለሉ ካልወረደ የዲፑን ስፋት ተመልከቱ። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ወርቁ ቀጥኗል፤ ጠባብና ጥልቀት የሌለው ከሆነ ከ50 ናኖሜትር በልጦ ወፍሯል። ክሮሚየሙ ሲወፍርም ብርሃን ስለሚውጥ ዲፑን ያሰፋዋል፤ 2 ናኖሜትር ይበቃ ነበር።

የውሃው ጉዳይ ስሌት ነው። ለ632.8 የወርቁን ኤፕሲሎን (ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት) -11.6 (እውናዊው ክፍል) ብትወስዱ አየር ላይ ሬዞናንሱ 43.7 ዲግሪ፣ ውሃ ላይ ግን 73 ዲግሪ ይሆናል። እነዚህ የውስጥ ማዕዘኖች ናቸው። በ45 ዲግሪ ፕሪዝም የውስጡ ማዕዘን 45 ሲደመር በመግቢያው ፊት ላይ የተሰበረው ማዕዘን ነው። ስለዚህ አየር ላይ ማዞሪያው ከቀጥታው በአንድ ወገን 2 ዲግሪ፣ ውሃ ላይ በተቃራኒው ወገን 45.3 ዲግሪ ያነባል። እናንተ 40 ላይ ስትቆሙ ውስጡ ገና 70 ነው፤ ያያችሁት ማዘንበል የዲፑ ትከሻ ነው። እስከ 52 ቃኙ። ፕሪዝሙ አንድ ዲግሪ ሲዞር የሚወጣው ጨረር ሁለት ዲግሪ ይዞራልና ዲቴክተሩን አስከትሉ። 1 ሚሊሜትር የነበረው ጨረር 73 ዲግሪ ላይ ወርቁን ከ3 ሚሊሜትር በላይ ይሸፍናል፤ የውሃ ክፍላችሁ ከዚያ ከጠበበ ጠርዙ ዲፑን ያበላሸዋል።

አባይ ማዶ
ወደ ማሩ ልምጣ። እንዳለ ማፍሰስ አይሆንም፤ በቢኬ7 በጭራሽ። 18 በመቶ ውሃ ያለው ማር የስብረት ኢንዴክሱ (ብርሃንን የማጠፍ አቅሙ) 1.49 አካባቢ ነው። ከእሱ ጋር የሚገናኘው ፕላዝሞን ከ1.66 ገደማ የሚበልጥ ኢንዴክስ ያለው ፕሪዝም ይፈልጋል፤ ቢኬ7 ያለው 1.515 ነው። የናሙናው ኢንዴክስ 1.38 ካለፈ ዲፑ ከ90 ዲግሪ ያልፍና ይጠፋል።

ከፍ ያለ ኢንዴክስ ካለው ኤስኤፍ10 መስታወት (1.723) የተሠራ ፕሪዝም ዲፑን 74 ዲግሪ አካባቢ ያመጣዋል፤ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ወጥመድ አለ። ወርቁ ተራ ስላይድ ላይ ከተቀባና በ1.515 ዘይት ከተጣበቀ ብርሃኑ ወርቁ ጋ ሳይደርስ ዘይቱ ላይ ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ወይ ወርቁን በቀጥታ ኤስኤፍ10 ላይ መቀባት፣ ወይ ኤስኤፍ10 ስላይድና እንደ ዳይአዮዶሜቴን (1.74) ያለ መርዛማ ፈሳሽ ማምጣት ነው። ለማር ውሃ መጠን ብቻ ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም፤ የአቤ ሪፍራክቶሜትር (የስብረት ኢንዴክስ መለኪያ) በአንድ ጠብታ ይጨርሰዋል።

ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ባዶ ወርቅ የሚያነበው ኢንዴክስን ነው፤ የስኳሩን ዘር አያውቅም። ማርና የስኳር ሽሮፕ እኩል ከቀጠኑ ዲፓቸው በጣም ስለሚቀራረብ ናሙናን ከናሙና አይለይላችሁም። የሸንኮራ ስኳር ለመለየት የካርቦን 13 (ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት) መጠንን መለካት ነው የሚያዋጣው። ኤስፒአር ጉልበቱ የሚወጣው ወርቁ ላይ አንድን ሞለኪውል ብቻ የሚይዝ ነገር ሲተከል ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎቹ ሊድበርግ፣ ናይላንደርና ሉንድስትሮም ያሳዩት ይህንኑ መርህ ነበር።

ጣና ዳር
የፖላራይዘሩ ምልክት የተሳሳተ ነበር፤ ወለሉ 0.04 ሆነ። ውሃውም 45 ዲግሪ አለፍ ብሎ ተገኘ። ማሩን በጥብጠን እንደ ብርዝ ብንለካው ለተማሪ ልምምድ ይሆናል? ንባቡ ግን ከደቂቃ ደቂቃ ይንሸራተታል።

ጮቄ
ለልምምድማ ከብርዝ የተሻለ የለም። አንድ እጅ ማር በዘጠኝ እጅ ውሃ (በሚዛን) ኢንዴክሱን 1.345 አካባቢ ያደርገዋል፤ ዲፑ 75 ዲግሪ፣ ማዞሪያው 49 ላይ። መጀመሪያ በስኳር ውሃ፦ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 በመቶ አድርጋችሁ መስመሩን አውጡ። በየ1 በመቶው በውስጥ ማዕዘን ሩብ ዲግሪ ገደማ መሄድ አለበት።

መንሸራተቱ ሙቀት ሊሆን ይችላል፤ ውሃ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዲፑን 0.017 ዲግሪ ያህል ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያ የሚበልጥ ከሆነ አረፋ ወይም ሰም ፈልጉ። አረፋ ያረፈበት ቦታ በዚህ ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ስለሚያንጸባርቅ ወለሉን ያነሳዋል። ውሃውን አፍልታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አቀዝቅዙ፤ ባህር ዳር ላይ በ94 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ አይጎዳም፣ የሚፈለገው አየሩ እንዲወጣ ነው።

የሰሙ ነገር የባሰ ነው። ፕላዝሞኑ ውሃ ውስጥ ወደ 180 ናኖሜትር ጥልቀት ብቻ ነው የሚያየው፤ ከባህላዊ ቀፎ የመጣ ማር ሰሙን ወርቁ ላይ ካለበሰው የምታነቡት ሰሙን እንጂ ብርዙን አይደለም። በ0.45 ማይክሮን አጣሩት። ከእያንዳንዱ ናሙና በኋላ ንጹህ ውሃ አሳልፉ፤ ዲፑ ወደ መነሻው ካልተመለሰ የተለጠፈ ነገር አለ። ያን ጊዜ በጨርቅ አትፈትጉት፣ ወርቁ ተልጦ ይመጣል።