ዶሮና ጎመን በአንድ ጓሮ፣ እንዴት ታስማሟቸዋላችሁ?

የቢሾፍቱዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ቢሾፍቱ ነው የምኖረው፣ ከእናቴ ጋር። ግቢያችን ሰፊ አይደለም፣ ግን ከቤቱ ጀርባ ጥሩ ጓሮ አለን። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ሰላጣ፣ ዳር ዳሩን ጤና አዳምና በሶብላ። መጋቢት ላይ የ45 ቀን ጫጩት ገዛን፣ ሀያ ቦቫንስ፣ የእንቁላል ዝርያ። አሁን እንቁላል ጀምረዋል፣ ደስ ብሎናል።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲዘጋባቸው ያሳዝኑኛል፣ ከሰዓት በኋላ ስለቃቸው ደግሞ ቀጥ ብለው መደቡ ላይ ነው የሚሄዱት። ቅጠሉን ቢበሉት እንኳ አይቆጨኝም። አፈሩን ይጭሩና ችግኙን ከነሥሩ ይገለብጡታል። እናቴ «ወይ ዶሮ ወይ ጎመን፣ አንዱን ምረጪ» ብላኛለች። እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው፣ የገበያውን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

ሌላው፣ ከቤታቸው የሚጠረገው ኩስና ሰጋቱራ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ተቀምጧል። ቀጥታ ቃሪያው ሥር ላድርገው ወይስ መቆየት አለበት? ደግሞ ፍልሰታ እየመጣ ነው፣ እኛም ጎረቤቱም ጿሚ ነው። በጾም እንቁላሉን ምን ታደርጉታላችሁ? የምታውቁ እባካችሁ።

ጡረተኛው ከሐዋሳ፦

ልጄ፣ እናትሽ እውነት አላት። በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ ከሆነ አይሆንም። በተራ ከሆነ ግን ይሆናል፣ እኔ ዓመታት የያዝኩት እንደዚያ ነው።

ጓሮውን ለሁለት ክፈይው። መሀሉ ላይ በዶሮ ሽቦ ወይም በቀርከሃ አጥር አቁሚ፣ ቁመቱ ከሰው ደረት በላይ ይሁን። የዶሮዎቹ ቤት መሀል ላይ ይሁንና ሁለት በር ይኑረው፣ አንዱ ወደ ግራው አንዱ ወደ ቀኙ። በግራ ጎመን ካለ ዶሮዎቹ በቀኝ ይውላሉ። ጎመኑ አርጅቶ ሲነቀል የግራውን በር ትከፍቺና የቀኙን ትዘጊያለሽ። የሚዘልል ካለ የአንድ ክንፉን ረጃጅም ላባዎች ብቻ በመቀስ ቁረጪ፣ ሁለቱን አይደለም። አንዱ ሲያጥር ሚዛኑን ስለሚስት መብረር ያቅተዋል። አያምም፣ ጥፍር እንደመቁረጥ ነው። ብቻ ገና እያደገ ያለ፣ ሥሩ ላይ ደም ያለበት ላባ እንዳትነኪ።

ችግኝሽን የሚገለብጥብሽ እግር ባዶ መደብ ላይ ሲሆን ሠራተኛ ነው። ቁጭ ብለሽ አንዷን ተመልከቻት። ሁለቴ ጫር ጫር ታደርጋለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ አፈሩን ታያለች፣ ከዚያ ትለቅማለች። የምትለቅመው ቆራጭ ትሉን፣ እንቁላሉን፣ የአረሙን ዘር ነው። ጎመን ከተነቀለ በኋላ ሁለት ሦስት ሳምንት ለቀሻቸው እንደሆነ መደቡን አጽድተው፣ ኩሳቸውን ጥለውበት ነው የሚያስረክቡሽ። አንቺ አፈሩን ገልበጥ አድርገሽ መትከል ነው።

ግን አንድ ነገር። ዶሮ በወጣበት መሬት ላይ ወዲያው ሰላጣ እንዳትተክዪ። ድንች፣ በቆሎ፣ ተቀቅሎ የሚበላ ጎመን ይቅደም። ጥሬውን የሚበላ ነገር ከሆነ ዶሮዎቹ ከወጡ ቢያንስ አራት ወር ሳይሞላው አይነቀል። ኩሱ ውስጥ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ሊኖር ይችላል፣ እሱ በሰላጣ አድርጎ ሰውን ያሳምማል።

ማዕድ ቤት፣ ደብረ ብርሃን፦

እህቴ፣ ያንን ከረጢት ቃሪያው ሥር እንዳታፈሺው! ትኩስ የዶሮ ኩስ ከላምም ከበግም ይበረታል፣ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ሥሩን ያቃጥለዋል። ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ሰው ደግሞ ውሃ የጠማው መስሎት ያጠጣዋል።

መቆለል አለበት። ሰጋቱራው ከኩሱ ጋር መቀላቀሉ ራሱ ጥሩ ነው፣ ግን ሰጋቱራ ቶሎ አይበሰብስም፣ ስለዚህ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል፣ የጎመን አገዳ፣ የአትክልት ልጣጭ ጨምሪበት። ክምሩ ቢያንስ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ቁመቱም እንደዚያው ይሁን። ትንሽ ከሆነ አይሞቅም። ካልሞቀ ደግሞ ጀርሙም የአረሙ ዘርም አይሞትም። እርጥበቱ ስትጨብጪው እጅሽን የሚያርስ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። አሁን ክረምት ስለሆነ ላዩን በላስቲክ ወይም በአሮጌ ቆርቆሮ ሸፍኚው፣ አለበለዚያ ዝናቡ ጥሩ ጥሩውን አጥቦ ይወስደዋል። በየሁለት ሳምንቱ በመንሽ ገልብጪው፣ የውጭው ወደ ውስጥ እንዲገባ። በቆላው ሦስት ወር ይበቃዋል፣ እኛ ጋ ብርድ ስለሆነ ይቆያል። ጠቁሮ፣ ተፈርፍሮ፣ የዝናብ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። አሞንያው አፍንጫሽን ከመታሽ ገና ነው።

ብዙ ሰው የምድጃ አመድ ኩሱ ላይ ይደፋል፣ ሽታ ያጠፋል ብሎ። አታድርጊው። አመድ ናይትሮጅኑን በአየር እንዲያመልጥ ያደርገዋል፣ የደከምሽበት ማዳበሪያ ባዶ ይቀራል። አመዱን ለዶሮዎቹ ስጪያቸው። ከደረቅ አፈር ጋር ቀላቅለሽ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ላይ በሰፊ ሳህን አስቀምጪላቸው። ገብተው ይንከባለሉበታል፣ ቅማሉንም ያራግፉበታል።

የእንስሳት ጤና ባለሙያ፦

ከጋሼ ሐሳብ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፣ ግን አሁን በሐምሌ አልለቃቸውም። ጭቃ ነው፣ ውሃ ያቆረ ቦታ ሁሉ አለ፣ የጎረቤት ዶሮና የዱር ወፍም ይመጣል። ከብቶቻችንን በረት እንደምናስረው፣ ዶሮንም እስከ መስከረም ዘግቶ ምግቡን ወደ እሱ መውሰድ ይሻላል ባይ ነኝ። የጎመን የታችኛውን ቅጠል፣ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥጥ ትንሽ ተባይ) የወረረውንም ጭምር፣ በገመድ አስረሽ ከጣሪያው አንጠልጥይላቸው። ዘልለው እየነጩ ይውላሉ፣ እርስ በርስ መነካከሱንም ይተዋሉ። ቆስጣ አታብዢባቸው፣ ካልሲየሙን ይይዝባቸዋል፣ አሁን ደግሞ ለእንቁላሉ ቅርፊት የሚያስፈልጋቸው እሱ ነው። አረንጓዴ የድንች ልጣጭና የአቮካዶ ቅጠል በጭራሽ።

ቅጠሉ ግን ተጨማሪ ነው፣ መኖ አይተካም። አንድ እንቁላል ጣይ በቀን 110 እስከ 120 ግራም መኖ ትፈልጋለች፣ ለሀያዋ ከሁለት ኪሎ በላይ ማለት ነው። ፉርሽካ ብቻ እየሰጡ እንቁላል ቀነሰ የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይገጥሙኛል። በቆሎው፣ የኑግ ፋጉሎው፣ የኖራ ድንጋዩ ሁሉም ሊኖር ይገባል። ቦቫንስ በደንብ ከተያዘች በዓመት 300 እንቁላል የምትደርስ ዝርያ ናት፣ እንደ ሀበሻ ዶሮ ለቅማ ትኑር ማለት አይቻልም።

ወለሉን ደግሞ ፈትሺ። አንድ እፍኝ ሰጋቱራ ጨብጠሽ ልቀቂው። ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ኳስ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው፣ በተለይ ከውሃ መጠጫው ሥር። እሱን አውጥተሽ ደረቅ ቀይሪ። ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ዓይንሽን ካቃጠለሽ የአየር መውጫው አንሷል። እርጥብ ወለል ኮክሲዲያ የሚባለውን የአንጀት በሽታ ይጠራል፣ ጫጩት ደግመሽ ካስገባሽ መጀመሪያ የሚያልቁት እነሱ ናቸው።

ዋናውን አልጠየቅሽም። ፈንግል ተከትበዋል? ይሄ በሽታ መድኃኒት የለውም፣ ያለው ክትባት ብቻ ነው። ሲገባ መንደር ይጠርጋል። ክትባቱ የሚመረተው እዚያው እናንተ ከተማ ነው፣ ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት። 45 ቀን ሳይሞላቸው፣ ሻጩ ጋ እያሉ የተከተቡ ቢሆኑ እንኳ መደገም አለበት፣ ሻጩን ምን ምን እንደወሰዱ ጠይቂው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተሰባስባችሁ ብታስከትቡ ወጪው ይቀላል፣ አንቺንም ይጠቅምሻል፣ ምክንያቱም የሰፈሩ ዶሮ ካልተከተበ ያንቺም ስጋት ላይ ነው። በውሃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ይገድለዋል። የጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ተጠቀሚ። ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ከልክለሽ አስጠሚያቸው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት።

የቢሾፍቱዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ሁለት በር ያለው ቤት ያሉት በጣም ገብቶኛል፣ ለእናቴ አንብቤላት «እንዲህማ ከሆነ ይሁን» ብላለች። ክረምቱ እስኪያልፍ ግን ዶክተሩ እንዳለው ዘግቼ አቆያለሁ፣ አጥሩን መስከረም ላይ እናቆማለን። የክትባቱን ጉዳይ ነገ ሻጩን እደውልለታለሁ። የእንቁላሉን ግን ማንም አልነገረኝም።

እንቁላል ነጋዴ ነኝ፣ አዲስ አበባ፦

እኔ ልንገርሽ። በጾም ዋጋው ይወርዳል፣ ያ አይቀርም፣ ግን 15 ቀን ነው። ከዐቢይ ጾም 55 ቀን ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። አሁኑኑ ሁለት ሦስት ቋሚ ደንበኛ ያዢ፤ ሙስሊም ጎረቤት፣ ሕፃን ያለበት ቤት፣ ኬክ ቤት። ኬክ ቤት በጾምም ይገዛል፣ ግን በየሳምንቱ እንደምታመጪለት ማወቅ ይፈልጋል፣ ዛሬ መጥተሽ ነገ ከጠፋሽ አይቀበልሽም።

የሚተርፈውን አትጠቢው። እንቁላል ሲወጣ የሚሸፍነው ስስ ነገር አለ፣ ታጥቦ ሲነሳ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ቶሎ ይበላሻል። የቆሸሸውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገሽ ቀድመሽ ብዪው ወይም ስጪ። ንጹሑን ሹሉን ወደ ታች አድርገሽ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል አስቀምጪ። ቢሾፍቱ ሞቃት ስለሆነ ከሁለት ሳምንት በላይ አላስቆየውም፣ ፍሪጅ ካለሽ ግን ብዙ ይቆያል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳምንት ሽጪ፣ የመጨረሻውን ሳምንት ያዢ። ጾሙ ነሐሴ 16 ይፈታል፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ እንቁላል ፈላጊ ነው፣ እስከ እንቁጣጣሽም ዋጋው አይወርድም።

ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት፣ ለበዓል የሚሸጥ አውራ ዶሮ ካሰብሽ የ45 ቀኑን ግንቦት መጨረሻ ላይ አስገቢ። ለእንቁጣጣሽ ይደርስልሻል።