ከወንድም ሳይታረቁ ከእግዚአብሔር ጋር መታረቅ ይቻላልን?

ጥያቄውን ያቀረበው፦
በቀዳም ሥዑር ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ቄጤማ ሲያድሉ፣ እኔም እንደ ሌላው ምእመን ቄጤማዬን በራሴ ላይ አስሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። «በመስቀሉ ሰላምን አደረገ» የሚለው ቃል ግን ዘንድሮ ዕረፍት ነሣኝ። በአባታችን ቤት ውርስ ምክንያት ከታላቅ ወንድሜ ጋር ከተለያየን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ የቤቱን ኪራይ እስከ ዛሬ የምሰበስበው እኔ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ጾሜአለሁ፣ ንስሐ ገብቻለሁ፣ ሥጋ ወደሙም ተቀብያለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንተ ከእግዚአብሔር ጋር ታርቀሃል፤ የወንድምህ ጉዳይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው» ይለኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከወንድሜ ሳልታረቅ የማቀርበው ጸሎት ከጣሪያ አያልፍም ብላ ታምናለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?

በወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፦
ወንድሜ፣ ጭንቀትዎን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ሁለቱን ዕርቆች ማደባለቅ ወንጌሉን ያጠፋብናል ብዬ እፈራለሁ። ሐዋርያው በሮሜ 5፥10 የታረቅነው «ጠላቶች ሳለን» መሆኑን ይነግረናል። ዕርቁን የጀመረውም የፈጸመውም እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ እኛ ያዋጣነው አንዳች ነገር የለም። ከእግዚአብሔር ጋር ያለኝ ሰላም ከሰው ጋር ባለኝ ሰላም ላይ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ፣ በሕይወቱ ሁሉንም ያስቀየማቸውን ሰዎች ፈልጎ ያላገኘ ሰው ተስፋው ምን ይሆን ነበር? በክርስቶስ ቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ የዘረፋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ዞሮ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሆኖም በዚያው ቀን ገነት ተሰጠችው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፦
ዕርቁ ከእግዚአብሔር መጀመሩን የሚክድ የለም። ልዩነታችን ያ ዕርቅ ምን ምን እንደሚያካትት ነው። አባቶቻችን በክርስቶስ ታረቁ የሚሏቸው «ሰባቱ መስተጻርራን»፣ ማለትም እርስ በርስ ተጣልተው የነበሩት ሰባቱ ወገኖች፣ ናቸው፤ ሰውና እግዚአብሔር፣ ሰውና መላእክት፣ ሕዝብና አሕዛብ፣ ነፍስና ሥጋ። በዚህ ትምህርት ሰው ከሰው የታረቀው ከእግዚአብሔር በታረቀበት በዚያው መስቀል ነው፤ ኤፌሶን 2 የጥልን ግድግዳ ስለማፍረሱ የሚናገረውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው መስቀሉን ለሁለት መክፈል ይመስለኛል። በቅዳሴያችንም ወደ ቍርባኑ ከመድረሳችን በፊት ዲያቆኑ «ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጽምት ወፍቅር» ብሎ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል።

ወንበዴው ጊዜ አልነበረውም፤ ዘኬዎስ ግን ነበረው። በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ከተናገረ በኋላ ነው ጌታችን «ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል» ያለው። በአገራችን ደም ለማድረቅ የተቀመጡ ሽማግሎችም ካሣው ሳይቈረጥ ታርቃችኋል ብለው አይመርቁም። ክርስቶስ ለአዳም ልጆች የከፈለውን ዋጋ በዚያው «ካሣ» በሚለው ቃል መጥራታችን ያለ ምክንያት አይደለም።

አገልጋዩ፦
ጌታ ግን ወደ ዘኬዎስ ቤት የገባው ገና አንዲት ሳንቲም ሳይመለስ ነው! «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛልና» የሚለው ቃል ቀደመ፤ መመለሱ ተከተለ። ቅደም ተከተሉን ከጠበቅን ብዙ አንለያይም። የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንና የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1999 በአውግስቡርግ በፈረሙት የጋራ መግለጫ ላይም መልካም ሥራ ጽድቅን የሚከተል ፍሬ መሆኑ ተቀምጧል። እኔም ፍሬ የሌለው ዛፍ ሕያው ነው አልልም።

አንዲት ተሳታፊ፦
ሁለታችሁም የምትናገሩት በዳይና ተበዳይ አንድ እንደሆኑ አድርጋችሁ ነው፤ ይህ በእኔ ሕይወት ላይ ከባድ ነገር አምጥቷል። ይደበድበኝ ከነበረው ባለቤቴ ሸሽቼ ወደ ወላጆቼ ቤት በገባሁ ጊዜ ሽማግሎች ሦስት ጊዜ መጡ። «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ታረቂ፤ ካልታረቅሽ እንዴት ትቈርቢያለሽ?» አሉኝ። እርሱን ግን አንድም ሰው እንዴት ትቈርባለህ ብሎ አልጠየቀውም። እኔ ቂም አልያዝሁም፤ ከልቤ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ወደዚያ ቤት ግን አልመለስም። ይቅር ማለትን ብቻዬን ልፈጽመው እችላለሁ፤ ለዕርቅ ግን ሁለት ሰው፣ በዚያም ላይ እውነት ያስፈልጋል።

እባካችሁ ማቴዎስ 5፥23ን ደግማችሁ አንብቡት። «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው ብታስብ» ይላል እንጂ አንተ በእርሱ ላይ ያለህን አይልም። መባውን ትቶ እንዲሄድ የታዘዘው ሌላውን ያሳዘነው ሰው ነው። ይህን ቃል ለተደበደበች ሴት መጥቀስ ከበደሉ ላይ ሌላ በደል መጨመር ነው።

መምህሩ፦
እኅቴ፣ ትክክል ነሽ፤ እኔም ቃሉን በጅምላ ይዤው ነበር። በመሠዊያው ፊት ሊቆም የሚገባው ጥያቄ «ምን ወሰድህ? መለስህስ?» የሚል ነው፤ እርሱም የሚቀርበው ለበደለው ነው። ሽማግሎቹ የሄዱበት ቤት የተሳሳተ ነበር።

ከዋሽንግተን የሚጽፍ፦
እኔ ጉዳዩን በቤተ ክርስቲያናችን ቍስል በኩል ነው የማየው። አንዱ ሲኖዶስ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በስደት ሆኖ እርስ በርስ ተወጋግዘን ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ኖረናል። እዚህ ከተማ አንድ እምነት ያላቸው ቤተሰቦች በተለያየ አጥቢያ ይቈርቡ ነበር፤ እያንዳንዱም ወገን ከእግዚአብሔር ጋር ሰላም እንዳለው ያምን ነበር። በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዕርቁ ተፈጽሞ ውግዘቱ ሲነሣ፣ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አልቅሼአለሁ። መምህር፣ እርስዎ እንደሚሉት ከሆነ በእነዚያ ዓመታት የቈረብነው ቍርባን ምን ነበር?

መምህሩ፦
ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይከብደኛል። ዕርቁ ሲፈጸም በሁለቱም ወገን የተሾሙት ጳጳሳት በጵጵስናቸው መቀጠላቸውን ሳስብ፣ ቤተ ክርስቲያን የእነዚያን ዓመታት ጸጋ አልሻረችም እላለሁ። እግዚአብሔር ስለ ጠባችን ብሎ ራሱን አልከለከለንም። ነገር ግን ጸጋው እስከዚያ ድረስ መታገሡ፣ ጠቡን ልክ አያደርገውም። በዚህ ረገድ አገልጋዩ ስለ ቅደም ተከተሉ የተናገሩትን እቀበላለሁ፤ የሚታረቀን አስቀድሞ እርሱ ነው።

አገልጋዩ፦
እኔም ከእኅታችን አንድ ነገር ተምሬአለሁ። «የወንድምህ ጉዳይ የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው» የሚለውን የባልደረባዎን ምክር አልደግፍም። ኪራዩን እየሰበሰቡ ስለ ጸጋ መናገር አይቻልም።

ጥያቄውን ያቀረበው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። የዘጠኝ ዓመቱን ኪራይ አስልቼ ድርሻውን ብወስድለት፣ ወንድሜ ገንዘቡን ተቀብሎ ፊቱን ቢያዞርብኝስ?

ያችው ተሳታፊ፦
ፊቱን የማዞር መብት አለው። ዘጠኝ ዓመት ያጣውን በአንድ ቀን እንዲረሳው አይጠብቁ፤ ዕርቁንም የካሣው ዋጋ አድርገው አይጠይቁት።

መምህሩ፦
ሮሜ 12፥18 «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ይላል። በእርስዎ በኩል ያለው ሒሳቡና ይቅርታው ነው። እነዚህን ይዘው በደጁ ከቆሙ በኋላ ባይከፍትልዎትም፣ ለንስሐ አባትዎ ነግረው ወደ ቍርባኑ ይቅረቡ፤ ለፋሲካው ግን ድጋሚ ይሂዱ።